ሩቁ ተመለሰ፣ ቅርቡስ?



መምህራን፣ የማኅበራችሁ ሰብሳቢ ከሦስት ሳምንት በፊት ደውለው «ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የዓይን ሞራ አለባችሁ ተብለዋል፤ ዓይን ውስጥ ይገባል ስለሚባለው ሌንስ በሚገባን አማርኛ አስረዳን» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ጥቂትም ፈራሁ። በዚህ አዳራሽ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህራን ተቀምጠዋልና። እኔ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ዓይን ለክቼ መነጽር የማዝዝ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያ ነኝ። ሰዎችን የማገኛቸው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ ነው፤ ዛሬ የምናገረውም እዚያ የመለኪያ ክፍል ውስጥ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

የመጣሁበትን ጉዳይ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በሞራ ምትክ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ጥራትን ይመልሳል፤ ምስልንም በአንድ ርቀት ላይ አነጣጥሮ ያሳያል። ርቀትን የመቀያየር ችሎታ ግን አይመልስም። ያ አንዱ ርቀት የትኛው ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሣት ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ መጀመሪያ ዓይን እንዴት እንደሚያነጣጥር፣ ቀጥሎ ሰው ሠራሹ ሌንስ ከየት እንደመጣ፣ ከዚያም ቁጥሩ እንዴት እንደሚመረጥ እናያለን።

ከክፍላችሁ ልጀምር። የስም መጥሪያውን መዝገብ ከፍታችሁ ስም እየጠራችሁ ነው። ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ይሰማል። ቀና ትላላችሁ፤ የሚያወራውን ልጅ ፊቱን ለይታችሁ ትገሥጹታላችሁ፤ ወዲያው ዓይናችሁ ወደ መዝገቡ ተመልሶ ያቋረጣችሁበትን ስም ያገኛል። በእጃችሁ ካለው መዝገብ እስከ ኋላው ወንበር ሰባት ስምንት ሜትር ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ዓይናችሁ ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርጹን ሁለት ጊዜ ለውጧል። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናችሁ ደግሞ መዝገቡን ራቅ አድርጋችሁ መያዝ ጀመራችሁ። ክንዳችሁ አልበቃ ሲል መነጽር ገዛችሁ። አይደለም?

የሆነው ይህ ነው። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ከኋላ ባለው ስስ መጋረጃ፣ በሬቲና ላይ፣ አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰብ አለበት። ብርሃንን የመስበር ኃይል የሚለካው በዳዮፕተር ሲሆን የሰው ዓይን ጠቅላላ ኃይል ወደ 60 ዳዮፕተር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሠራው ኮርኒያ ነው፤ ከፊት ያለው፣ እንደ ሰዓት መስተዋት የጠራው ሽፋን። ኮርኒያ ግን ቅርጹን አይለውጥም። የቀረውን 20 ዳዮፕተር ገደማ የሚያዋጣው ከብሌን ጀርባ፣ በስስ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠው ሌንስ ነው። ሌንስ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ምስር ማለት ነው፤ ቅርጹ ምስርን ስለሚመስል።

ይህ ምስር ዙሪያውን በቀጫጭን ጅማቶች ተወጥሮ ከአንድ ቀለበት መሰል ጡንቻ ጋር ተያይዟል። ሩቅ ስናይ ጡንቻው ይላላል፣ ጅማቶቹ ይወጠራሉ፣ ሌንሱም ይሳሳል። ቅርብ ስናይ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ጅማቶቹ ይረግባሉ፣ ሌንሱም እብጥ ብሎ ኃይል ይጨምራል። እስኪ አሁኑኑ ሞክሩት። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙና ጥፍሩን ተመልከቱ፤ ከዚያ በላዩ አሻግራችሁ መስኮቱን እዩ። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። የማይደበዝዝበት ሰው ካለ እጁን ያንሣ፤ አላይም። ሕፃን ልጅ በዚህ መንገድ ከ10 ዳዮፕተር በላይ መጨመር ይችላል። በዕድሜ ብዛት ሌንሱ ስለሚጠነክር በሃምሳ ዓመት የሚቀረን ከሁለት ዳዮፕተር የማይበልጥ ነው። ለማንበብ አይበቃም።

ሞራ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ትንሽ አሳስቶናል። «የሞራ ገፈፋ» ስለምንል ብዙ ሰው ሞራ ዓይን ላይ የበቀለ ስስ ቆዳ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፍፎ የሚጣል ይመስለዋል። የሚገፈፍ ነገር ግን የለም። የሚደፈርሰው ያው ምስር መሰሉ ሌንስ ነው። ሌንሱ የተሠራበት ፕሮቲን ጥሬ እንቁላል ውስጥ እንዳለው ፈሳሽ የጠራ ነበር፤ እንቁላሉ ሲቀቀል እንደሚነጣው ሁሉ ይህም ከዓመታት ብዛት እየነጣ፣ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የደፈረሰውን ሌንስ ማውጣት። ታዲያ ምስሩ ሲወጣ 20 ዳዮፕተሩም አብሮ ይወጣል። የጠራ ነገር ግን ምንም የማያነጣጥር ዓይን ይቀራል።

ከእናንተ መካከል የጥንቱን መነጽር የሚያስታውስ አይጠፋም። ሞራቸው የወጣላቸው ሽማግሌዎች ያደርጉት የነበረው፣ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ፣ ዓይናቸውን ከውጭ አግዝፎ የሚያሳይ መነጽር። የጎደለውን ኃይል የሚተካው እሱ ነበር። ነገር ግን ሁሉን ነገር ሩብ ያህል አግዝፎ ስለሚያሳይ ደረጃው ከቦታው ቀርቦ ይታያል፣ ስኒው ከእጅ ያመልጣል፤ ከጎን የሚመጣ ሰውም ድንገት ዱብ ያለ ይመስላል። አንድ ዓይናቸው ብቻ የተሠራላቸው ደግሞ ሁለቱን ምስል ማስማማት አይችሉም ነበር። መነጽሩ ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ሰውየው እንደገና በልጅ ተመርቶ ይሄዳል።

አሁን ሰው ሠራሹ ሌንስ ከየት እንደመጣ ላውራችሁ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ጎርደን ክሊቨር የተባለ ተዋጊ አብራሪ ሐሪኬን አውሮፕላኑ ተመታችበት። የመቀመጫው መስኮት ተሰባብሮ ፍንጣሪው በሁለቱም ዓይኖቹ ገባ። መስኮቱ የተሠራው ፐርስፔክስ ከሚባል ጠንካራና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉ የለንደን የዓይን ሐኪም እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰባቸውን አብራሪዎች ሲከታተሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ዓይን ባዕድ ነገር ሲገባበት ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ይህ ፕላስቲክ ግን ዓይን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ዓይኑ ዝም ይለዋል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አንድ ተማሪያቸው ሞራ ሲያወጡ እያየ፣ ባወጡት ፈንታ ሌላ የጠራ ሌንስ አለማስገባታቸው እንደሚያሳዝን ተናገረ። መምህራን፣ የተማሪ ጥያቄ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሪድሊ ሁለቱን ነገር አገናኙ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የአንዲት የ45 ዓመት ሴት ሞራ አወጡ፤ ሌንሱ በቋሚነት የተቀመጠው በየካቲት 1950 ነው። ፕላስቲኩን ዓይኑ ተቀበለው። ቁጥሩ ግን ተሳስቶ ነበር። ሴትየዋ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የ18 ዳዮፕተር የሩቅ ዕይታ ችግር ተገኘባቸው፤ ያለ መነጽር ጥርት ብሎ የሚታያቸው ከዓይናቸው ስድስት ሳንቲ ሜትር እንኳ ያልራቀ ነገር ብቻ ነበር ማለት ነው። የተፈጥሮውን ሌንስ ቅርጽ መስሎ የተሠራው ፕላስቲክ ብርሃንን ከተፈጥሮው ይልቅ አብዝቶ ይሰብራል። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ዓይን ሌንሱን መቀበሉና ሌንሱ በትክክል ማነጣጠሩ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሪድሊ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1951 ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሲያቀርቡ ታላላቆቹ ሐኪሞች ፊት ነሷቸው። ሐኪም ከዓይን ባዕድ ነገር ያወጣል እንጂ ያስገባል ወይ ተባሉ። ብዙ ዓመት ተገፍተው ኖሩ። እውነቱ ግን አልቀረም። አብራሪው ክሊቨር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 በቀረችው ዓይኑ ሞራ ሲወጣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባለት። ሪድሊም በእርጅናቸው ሁለቱም ዓይናቸው በዚያው በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ተሠርቶ ሌንስ ገባላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በዓመቱ ዐረፉ።

ወደ እኛ ሰፈር እንዲደርስ ግን መርከስ ነበረበት። ያኔ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረውን ሌንስ ለገበሬ ማን ይገዛለታል? በሕንድ ማዱራይ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ቀጥሎም በ1990ዎቹ አጋማሽ በኔፓል ካትማንዱና በጎረቤታችን በአስመራ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። የአስመራውና የካትማንዱው የአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም የፍሬድ ሆሎውስ ሕልም ነበሩ። ዋጋው ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። ስፌት በማይፈልግ ትንሽ ቅድ ሌንሱን የማስገባት ዘዴም ተስፋፋ፤ በአገራችን በየክልሉ በሚካሄዱት ዘመቻዎች በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚሠራው በዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ከመቶ ሰዎች 1.6 የሚሆኑት ዓይነ ስውር ነበሩ፤ የግማሾቹ ምክንያት ሞራ ነው። ግማሹ! ሊመለስ በሚችል ምክንያት።

ሌንሱን ላሳያችሁ። ይህቺ የአገልግሎት ጊዜዋ ያለፈ ናሙና ናት፤ እጅ በእጅ ተቀባበሏት። መሐሏ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ የምስር ክክ ታክላለች። ከጎንና ከጎኗ የወጡት ሁለት ቀጫጭን ክንዶች በቀድሞው ሌንስ ከረጢት ውስጥ ደግፈው ይይዟታል። ሐኪሙ ሞራውን ሲያወጣ ከረጢቱን የሚተወው ለዚህ ነው። አሁን ካርቶኑን ገልብጣችሁ እዩ፤ ቁጥር ተጽፎበታል፤ 21.0 ይላል። ዛሬ ማታ ከምናገረው ሁሉ ያቺን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እረካለሁ።

ቁጥሯ የምትገኘው በልክ ነው። የዓይን ርዝመት ከፊት እስከ ኋላ በድምፅ ሞገድ ወይም በብርሃን ይለካል፤ በአማካይ ከ23 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ነው። የኮርኒያው ጉብጠትም ይለካል። ሁለቱ ተቀምረው የሌንሱ ኃይል ይወጣል። ርዝመቱን በአንድ ሚሊ ሜትር የሳተ ሰው ቁጥሩን በ2.5 ወይም በ3 ዳዮፕተር ይስታል። ስለዚህ ስትለኩ አትነቃነቁ፣ አትቸኩሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው የማይተናነስ ሥራ ነው።

ልኩ ትክክል ሆኖ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ልኩ የሚነግረን ለየትኛው ርቀት የትኛው ቁጥር እንደሚሆን ነው። ርቀቱን መሣሪያው አያውቅም። ይህን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት።

አክስቴ ፈታይ ናት። ያሳደገችኝ በእንዝርቷ ነው። ለነጠላ የሚሆን ቀጭን ድር ፈትላ ለሸማኔ ታስረክባለች፤ ደብተሬም ልብሴም የተገዛው በዚያ ነው። ሞራ ሲይዛት አንድ ሆስፒታል ተሠራች። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ያከመቻትን ነርስ ፊት አየች። ቤት ስትገባ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያረፉትን ርግቦች ከደጃፏ ሆና ቆጠረች፤ እልልም አለች፤ አለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን ሙዳዩን ከፈተችና ባዘቶውን አውጥታ እንዝርቷን አሾረች። ክሩ አይታያትም። ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ይበጠሳል፤ የተበጠሰበትን ጫፍ ለማግኘት በጣቷ ትዳብሳለች። «ሩቁን መለሱልኝ፣ ቅርቡን አስቀሩብኝ» አለች። ዘመድ ሁሉ ቀዶ ሕክምናው ተበላሽቷል ብሎ አዘነ። እንዝርቱ አምስት ወር ሙሉ ሙዳይ ውስጥ ተዘግቶበት ተቀመጠ።

እኔ ያኔ የሁለተኛ ዓመት የኦፕቶሜትሪ ተማሪ ነበርኩ። ለዕረፍት ስመጣ የመለማመጃ ሌንሶቼን ይዤ መጣሁ። ሩቅ እይታዋን ስለካው እንደ ወጣት ታያለች። ከዚያ 2.5 የተጻፈበትን የቅርብ ሌንስ ዓይኗ ፊት አደረግሁና ፈትሉን በእጇ ሰጠኋት። አንድም ቃል አልተናገረችም። ቀኝ እጇ እንዝርቱን አሾረ፣ ግራ እጇ ባዘቶውን ወደ ላይ ሳበ፤ ክሩ እየቀጠነ፣ እየረዘመ ወጣ። ቀዶ ሕክምናው እንከን አልነበረበትም። ሌንሱም ለሩቅ በትክክል ተመርጧል። የጠፋው አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነው። ከመግባቷ በፊት «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ ስትወጣም «ለቅርብ መነጽር ያስፈልግዎታል» ያላት የለም። በአንዲት ርካሽ መነጽር እጦት አምስት ወር እንጀራዋ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መምህራን፣ አሁን ነገሩ ገብቷችኋል። የተለመደው ሌንስ ጠንካራም ይሁን ተጣጥፎ በትንሽ ቅድ የሚገባ፣ ቅርጹን አይለውጥም። ጡንቻው ቢኮማተርም የሚያሳብጠው ነገር የለም። ስለዚህ ሌንሱ ለሩቅ ከተመረጠ ለማንበብ መነጽር ታደርጋላችሁ። ለቅርብ፣ ለ40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከተመረጠ ደግሞ መጽሐፉን ያለ መነጽር አንብባችሁ ለመንገድ መነጽር ታደርጋላችሁ። በሬ ለሚጠምድና መኪና ለሚነዳ ሰው ሩቁ ይሻላል። ዘመኑን በጥልፍ፣ በፈትል ወይም በመጻሕፍት ላይ ላሳለፈ ሰው ግን ቅርቡን መምረጥ ስሕተት አይደለም፤ በተለይ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅርብ ብቻ ይታየው ለነበረ።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማድረግ ይቻላል፤ አብዛኛው አእምሮ ይለምደዋል፣ አንዳንዱ ግን አይለምደውም። ብርሃንን ለሩቅና ለቅርብ የሚከፋፍሉ ባለ ብዙ ርቀት ሌንሶችም አሉ። መነጽርን ያስቀራሉ፤ ነገር ግን በሌሊት በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያሳያሉ፣ በደብዛዛ ብርሃንም ጥራት ይቀንሳሉ፤ ዋጋቸውም ከባድ ነው። ግላኮማ ወይም የሬቲና ሕመም ላለበት ሰው አልመክራቸውም። እንደ ተፈጥሮው ሌንስ እየተንቀሳቀሱ እንዲያነጣጥሩ ታስበው የተሠሩም አሉ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። የሚጨምሩት ግን ጥቂት ነው፤ ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለሚጨማደድና ስለሚደርቅ እንቅስቃሴውን ይይዘዋል። የሃያ ዓመት ወጣትን ዓይን የሚተካከል ሌንስ እስከ ዛሬ አልተሠራም። አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ ጥያቄ አብዙበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎረቤቶቻችሁን አይታችሁ እንዳትከራከሩኝ። ለሩቅ የተሠሩ አንዳንድ አባቶች ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ያለ መነጽር ሲደግሙ ታያላችሁ። ሌንሱ ተንቀሳቅሶ አይደለም። በብዙ ብርሃን ብሌን ስለሚጠብ የሚደበዝዘው ይቀንሳል። እቤት ሲገቡ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።

«ሞራው ይብሰል» ብላችሁም አትጠብቁ። ያ ምክር የድሮ ዘዴ ምክር ነው። እጅግ የጠነከረ ሞራ ለማውጣት ያስቸግራል። ልጅ ሆኖ ሞራ ያለበት ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ፤ ሳያይ ያደገ ዓይን ኋላ ቢጠራም ማየትን አይማርም። ከተሠራችሁ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢደበዝዝባችሁ ደግሞ ሞራው ተመልሶ አይደለም፤ ሌንሱን የያዘው ከረጢት ጀርባ ደፍርሶ ሊሆን ይችላል። በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይከፈታል፤ ሄዳችሁ ታዩ።

አክስቴ ሁለተኛው ዓይኗ ሲሠራ እንዝርቷን በሻሽ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ሐኪሙ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላት ፈትታ አሳየችው፤ ክሩን ከዓይኗ በምን ያህል ርቀት እንደምትይዘውም በክንዷ ለካችለት። ሌንሷ ለዚያ ርቀት ተመረጠ።

እናንተም ስትሄዱ የምትሠሩበትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ መጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉን፣ መርፌ ከሆነ መርፌውን። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት። ለሩቅ ነው ወይስ ለቅርብ ያሰቡልኝ በሉ። የገባላችሁን ሌንስ ቁጥር ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት። ከተሠራችሁ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ መነጽር ልትለኩ ተመለሱ፤ ያለ መለኪያው ሥራው አላለቀም።

ከበሩ በስተግራ የፊደል ሰሌዳውን ሰቅያለሁ፤ የመለማመጃ ሌንሶቼም ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ዕይታው የደበዘዘበት ሁሉ ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ በየተራ ይምጣ። እስኪያልቅ እዚህ ነኝ።